46 መርከበኛ እና አንድ የእሳት ማጥፊያ

ጁኖ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ በ1778 ከሊቨርፑል ወደብ ስትነሳ የያዘችው 46 መርከበኛ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመድን ውሏ ሕዳግ ላይ ግን አንዲት አጭር መስመር ሰፍራለች፤ መርከቧ ከሊቨርፑል የምትነሳው 14 መድፍ እና 50 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ይዛ ነው ትላለች። አራት ሰው ጎደለ ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ያህል ተጉዛ አንግልሲ ደሴት ስትደርስ ስድስት ሰው ጨመረችና 52 ሞላች። በዓመቱ፣ በ1779፣ ጠላት ማረካት። መድን ሰጪው መጀመሪያ ካሳውን ከፈለ፤ ኋላ የአራቱን ሰዎች ነገር ሲሰማ “ገንዘቤ ይመለስልኝ” ብሎ ከሰሰ።

ክርክሩን የሰሙት ሎርድ ማንስፊልድ ነበሩ። በ1786 ለመድን ሰጪው ፈረዱለት። መርከቧ እስከ አንግልሲ ድረስ በ46 ሰው መጓዟ አደጋውን እንዳልጨመረ ማንም አልካደም። የተማረከችውም 52 ሰው ይዛ ነው። ማንስፊልድ ግን ይህ ሁሉ ለውጥ አያመጣም አሉ። በውሉ ላይ የተገባ ቃል፣ በእነሱ አጠራር ዋራንቲ፣ እንደ ፊደሉ መፈጸም አለበት። ካልተፈጸመ ውሉ የለም። ለምን ተባለ፣ ጉዳቱን አመጣው ወይስ አላመጣውም ብሎ መጠየቅ የለም።

እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የተማርኩትም ምህንድስና ነው። ይህን ፍርድ መጀመሪያ ሳነብ የገረመኝ ጭካኔው ሳይሆን ኮድ መምሰሉ ነው። የሰው ቁጥር ከ50 ካነሰ ውሉን ሰርዝ፤ በቃ። ከዚህ መስመር በታች ያለው አይነበብም። ፕሮግራመር እንዲህ ዓይነት መስመር ሲጽፍ ቢያንስ “ይሄ ሰው ላይ ቢደርስስ?” ብሎ የሚጠይቀው ጓደኛ ከጎኑ ይቀመጣል። የዚህችን መስመር ውጤት ለማረም ግን ሕጉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ገና ነው።

ገና ነው ስል የሩቅ ታሪክ እያወራሁ አይደለም። በ2019 አንድ የመዝናኛ ጀልባ ፍሎሪዳ፣ ፎርት ላውደርዴል አጠገብ ከባሕሩ ወለል ጋር ተላትሞ ተጎዳ። ባለቤቱ ፔንሲልቬንያ ያለ ኩባንያ ሲሆን ጀልባው እስከ 550,000 ዶላር መድን ነበረው። መድን ሰጪው ግን አልከፍልም አለ። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የጀልባው የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ በጊዜው አልተመረመረም የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ የተነሳ እሳት የለም። ጀልባው የተጎዳው መሬት ነክቶ ነው። ነገሩ ተጎትቶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2024 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ የወሰኑት ስለ እሳት ማጥፊያው አልነበረም። የወሰኑት ከእሱ በፊት ስለሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ውሉ ላይ “የኒው ዮርክ ሕግ ይገዛናል” ተብሎ ከተጻፈ፣ ፔንሲልቬንያ ለነዋሪዎቿ የምትሰጠው ጥበቃ ያንን ሊያስቀረው ይችላል ወይ? በመርከብና በጀልባ ውሎች ላይ እንዲህ ያለው የሕግ ምርጫ በመርህ ደረጃ ይጸናል፣ ከዚህ የሚያመልጡትም ጠባብ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው አሉ። ባለ ጀልባው ምናልባት ያላነበባት አንዲት አንቀጽ፣ በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ አስቀድማ ወስናለት ነበር።

ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ሜሪላንድ ይኖራል። ባለፈው ዓመት እቁብ ደረሰውና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አዋጥተው ያገለገለች ጀልባ ገዙ፤ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱባት። የመድን ቅጽ ልኮልኝ “ኢንጂነር፣ እስቲ አንብበህ ርካሹን ምረጥልኝ” አለኝ። ርካሹን ለመምረጥ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እኔ ግን የቅጹን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሳያቸው እያንዳንዱ ከኋላው አንድ የሰመጠ ነገር እንዳለው ገባኝ። የዚህ ጽሑፍ ቀሪ ክፍል የዚያ ቅጽ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ቅጹ የሚጠይቀው ጀልባዋ በየትኞቹ ወራት፣ የት የት እንደምትንቀሳቀስ ነው። ይህ ጥያቄ ከራሱ ከመድን ይበልጣል። በአራተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴና ውስጥ ነጋዴዎች የባሕር ብድር ይበደሩ ነበር። መርከቧ በሰላም ከተመለሰች ብድሩ ከነወለዱ ይከፈላል፤ ከሰመጠች ተበዳሪው ዕዳ የለበትም። ከዴሞስቴንስ ንግግሮች ጋር ተጠብቆ የደረሰን አንድ ውል ስለ 3,000 ድራክማ ይናገራል። ወለዱ ከሺህ 225 ነው። ነጋዴዎቹ ከጥቁር ባሕር የሚመለሱት አርክቱሩስ የተባለው ኮከብ ከወጣ በኋላ፣ ማለትም መስከረም አጋማሽ ካለፈ ከሆነ ግን፣ ከሺህ 300 ይሆናል። ማዕበሉ ሲበረታ ዋጋው ይጨምራል። ዛሬ የአክስቴ ልጅ ቅጽ “ጀልባው ክረምት ላይ ከውኃ ይወጣል?” ብሎ ሲጠይቅና አዎ ላለ ዋጋ ሲቀንስ የሚሠራው ያንኑ ሒሳብ ነው። ኮከቡን በካላንደር ተክቶታል። ደቡብ ላይ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ከጁን እስከ ኖቬምበር ባለው የአውሎ ነፋስ ወቅት የተለየ ከፍተኛ ተቀናሽ ወይም ጀልባውን የማራቅ ግዴታ ውላቸው ላይ ያገኛሉ። ታዲያ በወር የተገደበ ውል የገዛ ሰው፣ በብራ የጥር ቀን ጀልባውን ይዞ ቢወጣ ያለ መድን ነው የወጣው።

ወለድና አደጋ አንድ ላይ ተጋምደው የቆዩት እስከ መካከለኛው ዘመን ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ሮማዊው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 9ኛ የባሕር ብድርን አራጣ ነው ብለው አወገዙት። የጣልያን ነጋዴዎች ግን ነገድ አይተዉ፣ ነፍስም አያጡ፤ አደጋውን ከብድሩ ነጥለው ለብቻው መሸጥ ጀመሩ። ጀኖዋ ውስጥ በ1347 የተጻፈ ውል ተርፎልን አለ፤ አሁንም ብድር መስሎ ነው የተጻፈው፣ ውስጡ ግን መድን ነው። ፖሊሲ የሚለውም ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። እኛ ለመድን ክፍያ የምንጠቀምበት አረቦን ደግሞ ከዚያ ሁሉ ይቀድማል። ሴማዊ ቃል ነው፤ ዘፍጥረት 38 ላይ ይሁዳ ለትዕማር የሰጣት መያዣ በዕብራይስጡ የተጠራው በዚሁ ቃል ነው፣ ግሪኮችም ከሴማውያን ነጋዴዎች ወስደውታል። አረቦን ስንከፍል በቋንቋችን መያዣ እየሰጠን ነው።

የቅጹ ሁለተኛ ጥያቄ፦ ጀልባዋ ስንት ታወጣለች? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ውል አለ። አንደኛው “የስምምነት ዋጋ” ነው፤ ዛሬ 20,000 ዶላር ብለን ከተስማማን ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ስትጠፋ የሚከፈለው 20,000 ነው። ሁለተኛው “የወቅቱ ዋጋ” ነው፤ አደጋው በደረሰ ቀን፣ ከእርጅናዋ ተቀንሶ፣ የምታወጣውን ያህል ብቻ። የመጀመሪያው አረቦኑ ወደድ ይላል። ታሪኩን ያየ ሰው ለምን እንደተፈጠረ አይጠፋውም። መርከብ ከቤቷ በሺህ ማይል ርቃ ስትሰምጥ “ያኔ፣ እዚያ፣ ስንት ታወጣ ነበር?” ብሎ መከራከር ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ ዋጋውን ከመነሳቷ በፊት መወሰን ቀለላቸው። የእንግሊዝ የ1906 የባሕር መድን ሕግም ይህን አጽንቶታል። በሦስት ሰው የእቁብ ገንዘብ ለተገዛች አሮጌ ጀልባ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የወቅቱን ዋጋ የመረጠ ሰው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመለስለት ገንዘብ ለሞተሩም ላይበቃው ይችላል።

ሦስተኛው፦ ከምን ከምን አደጋ? ይህ ነገር ለንደን ውስጥ ቡና እየተጠጣ ነው መልክ የያዘው። ኤድዋርድ ሎይድ የተባለ ሰው ቡና ቤት በ1680ዎቹ መጨረሻ ታወር ስትሪት ላይ ይታወቅ ነበር፤ በ1691 ወደ ሎምባርድ ስትሪት ተዛወረ። የመርከብ ባለቤቶች፣ ካፒቴኖችና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች እዚያ ይገናኛሉ። ወረቀቱ ይዞራል፣ አደጋውን የሚካፈል ሁሉ ከሥሩ ስሙንና የሚሸከመውን መጠን ይጽፋል። ከእኛ ተራሮች ወጥታ በየመን በኩል ዓለምን የዞረችው ቡና፣ የዓለም ትልቁን የመድን ገበያ አብራ አዋለደች ብል ማጋነን አይመስለኝም። ገበያው በ1779 አንድ ወጥ የውል ቅጽ አጸደቀ። ቅጹ ባሕርን፣ የጦር መርከብን፣ እሳትን፣ ጠላትን፣ የባሕር ወንበዴን፣ ሌባን፣ ዕቃ ወደ ባሕር መጣልን እያለ አደጋዎቹን ይዘረዝራል። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ሁለት መቶ ዓመት ያህል፣ ብዙም ሳይነካ ሠርቷል።

ይህን ዝርዝር ግን እንደ ጨዋ የንግድ ታሪክ ብቻ አንብቤ ማለፍ አልችልም። በ1781 ዞንግ የተባለች መርከብ ላይ የነበሩ ሰዎች ከ130 በላይ አፍሪካውያንን በሕይወታቸው ወደ ባሕር ጣሉ። የመርከቧ ባለቤቶች የመጠጥ ውኃ አልቆ ነበር፣ የቀረውን ለማዳን ሲባል ከፊሉን መጣል ደግሞ በባሕር ሕግ የታወቀ ነው ብለው ለእያንዳንዱ ሰው 30 ፓውንድ ካሳ ጠየቁ። መርህ ብለው የጠሩት በሮማውያን ሕግ የሮድስ ሕግ ተብሎ የተመዘገበው፣ መርከብ ለማዳን የተጣለን ዕቃ ኪሳራ ሁሉም ይካፈል የሚለው የጥንት ፍትሕ ነበር። በ1783 የመጀመሪያው ችሎት ለባለቤቶቹ ፈረደ። ጉዳዩ ሲታይ ዝናብ ከዘነበ በኋላም ሰው መጣሉ ተሰማና ማንስፊልድና ባልደረቦቻቸው ክርክሩ እንደገና እንዲሰማ አዘዙ። ከባርነት ራሱን ነጻ ያወጣው ኦላውዳህ ኢኩዊያኖ ወሬውን ለግራንቪል ሻርፕ ባያደርስ ኖሮ ነገሩ የካሳ ክርክር ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። በመግደል የተከሰሰ አንድም ሰው የለም። ያቺ 46 መርከበኛ ይዛ የተነሳችው ጁኖም ውሏ ከአፍሪካ ወደ ካሪብያን ደሴቶች ነበር። በዚያ መስመር ምን ይጫን እንደነበር መናገር አያስፈልግም። ቅጽ የሚሞላውን ብቻ ነው የሚያየው፤ “ዕቃ” የሚለው ሣጥን ውስጥ ሰው ሲጻፍበት አይጮህም። እኛ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች ይህን ማስታወስ አለብን ብዬ አምናለሁ።

ስለ አደጋ ዓይነቶች አንድ ነገር ልጨምር፣ መሐንዲስ ስለሆንኩ አላልፈውም። በ1884 ኢንችማሪ በተባለች መርከብ ላይ አንድ ረዳት ፓምፕ ወደ ማሞቂያው ውኃ እየገፋ ሳለ ክፍት መሆን የነበረበት ቫልቭ ተዘግቶ ቀረና ፓምፑ ተሰነጠቀ። በ1887 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት “ይህ የባሕር አደጋ አይደለም፤ የብስ ላይም ይደርስ ነበር” ብሎ ወሰነ። እውነታቸውን ነው። ባለ መርከቦቹ ግን የእንፋሎት ዘመን አደጋ ማዕበል ብቻ አለመሆኑን ስለተረዱ አዲስ አንቀጽ አስጨመሩ፤ የተደበቀ የማሽን ጉድለትና የሠራተኛ ቸልተኝነት የሚያደርሱትን ጉዳት የሚሸፍን። እስከ ዛሬም የሚጠራው በዚያች መርከብ ስም ነው። የዛሬ የጀልባ ውሎች ከዚህ የወረሱትን ያህል የከለከሉትም አለ። እርጅና፣ ዝገት፣ ቀስ በቀስ የመጣ መበስበስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም። አሮጌ ቱቦ ፈንድቶ ጀልባዋን ቢያሰምጣት፣ ቱቦው አይከፈልም፤ መስመጧ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለው ግን በውሉ ቃል ይወሰናል። የአክስቴ ልጅ እንዲጠይቅ ካልኩት አንዱ ይህ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ስለ ሌላ ሰው ነው። እናንተ የምታደርሱትን ጉዳት ማን ይከፍላል? መኪና ለለመደ ሰው የሦስተኛ ወገን መድን የመጀመሪያው ነገር ነው። በባሕር ላይ ግን የመጨረሻ ደራሽ ነበር። በ1836 አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ለሌላዋ የምትከፍለው ካሳ የመርከብ መድን ውስጥ አይገባም አለ። ከዚያ በኋላ መድን ሰጪዎች ሦስት አራተኛውን ብቻ ለመሸፈን ተስማሙ፤ አንድ አራተኛው ባለቤቱን ጥንቁቅ ያደርገዋል በሚል። ባለ መርከቦቹ ለቀረው በ1855 የመጀመሪያውን የመረዳጃ ማኅበር መሠረቱ፤ አሠራሩን ስትሰሙ ዕድር ትዝ ቢላችሁ አይገርምም። ነዳጅ ጫኟ ቶሪ ካንየን በ1967፣ ኤክሰን ቫልዴዝ ደግሞ በ1989 ባሕሩን ከበከሉ በኋላ ብክለት ራሱን የቻለ ዕዳ ሆነ፤ አሜሪካም በ1990 ሕግ አወጣችበት። ለትንሽ ጀልባ ይህ ምን ያገባዋል ትሉ ይሆናል። ማሪና ውስጥ የሰመጠች ጀልባ ነዳጇን ታፈሳለች፤ አንሥታችሁ ውሰዱ፣ አጽዱም ትባላላችሁ። የሰመጠን ጀልባ ማውጣት ከጀልባዋ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ቅጹ ላይ “ስብርባሪ ማንሣት” እና “የነዳጅ ብክለት” የሚሉት መስመሮች ከጀልባዋ ዋጋ ውስጥ የሚቀነሱ ናቸው ወይስ ለብቻቸው ገደብ አላቸው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የመጨረሻው ጥያቄ አጭር ናት፤ የአክስቴን ልጅ ያስደነገጠችውም እሷ ናት። ጀልባዋ ለግል መዝናኛ ብቻ ነው የምታገለግለው? እሱና ጓደኞቹ ቅዳሜና እሑድ ሰው እየጫኑ፣ በነፍስ ወከፍ እያስከፈሉ፣ ዓሣ ሊያስጠምዱ አስበዋል። “ለነዳጅ ያህል ነው እኮ” አለኝ። ስለ ቴክሶማ ሐይቅ ነገርኩት። በቴክሳስና በኦክላሆማ መካከል ያለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። በ1949 እዚያ የታሰረች ትንሽ የቤት ጀልባ ተቃጠለች። መድን ሰጪው ባለቤትነቷ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ተዛውሯል፣ በመያዣነት ተሰጥታለች፣ ከግል መዝናኛ ውጭም ለኪራይ ውላለች ብሎ አልከፍልም አለ። ከእነዚህ አንዱም እሳቱን አላስነሳም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1955 የማንስፊልድን ጥብቅ ሕግ ለመላ አገሪቱ ከማጽደቅ ይልቅ፣ ጥያቄውን ለየክፍለ ግዛቱ ሕግ ተወው። አንዳንዱ ክፍለ ግዛት “ጥሰቱ ጉዳቱን አምጥቶታል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ አይጠይቅም። እንግሊዝ ራሷ የማንስፊልድን ሕግ በ2015 ባወጣችው፣ በ2016 ሥራ ላይ በዋለው አዋጅ አለዘበችው፤ ከደረሰው ጉዳት ጋር ግንኙነት የሌለው ጥሰት ካሳ አያስከለክልም ለማለት 230 ዓመት ፈጀባት። በአሜሪካ ውኃ ላይ ያለ ሰው ግን፣ የ2024ቱ ፍርድ እንደሚያሳየው፣ የትኛው ሕግ እንደሚገዛው ለማወቅ ውሉን ማንበብ አለበት።

ስለዚህ ሦስት ነገር ጻፍኩለት። ጀልባዋ የሦስት ሰው ከሆነች ሦስቱም ስማቸው ውሉ ላይ ይግባ፤ ከ1745 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ የራሱ ጥቅም በሌለበት ንብረት ላይ የባሕር መድን መግዛት ቁማር ነው ተብሎ ተከልክሏል፣ መርሁም በየአገሩ ቀርቷል። ጓደኛ በፈቃዱ ነዳጅ ሲያዋጣ አንድ ነገር ነው፣ ዋጋ ተቆርጦ ሲከፈል ሌላ፤ ልታስከፍሉ ከሆነ የንግድ ሽፋን ግዙ፣ አለዚያ አታስከፍሉ፣ ጥርጣሬ ካላችሁም መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የእሳት ማጥፊያው የተመረመረበትን ቀን ደግሞ ፎቶ አንሡት።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በ1952 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ምጽዋና አሰብ በእጃችን ሳሉ ኢትዮጵያ የባሕር ሕግ አወጣች፤ ስለ ባሕር መድንም ይዘረዝራል። ወደቦቹ ሄዱ፣ ሕጉ ቀረ፤ ዛሬም ዕቃችን በሰው ወደብ ሲገባ መድን ይከተለዋል። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ግን የሚፈርመው ውል የለውም። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ አዲስ ታንኳ ያስራል፤ ማዕበል ሲመጣ ጎረቤት ይደርስለታል። የእሱ ዋራንቲ ሕዳግ ላይ አልተጻፈም።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ርካሹን አልገዛም። የስምምነት ዋጋ ያለውን፣ ስብርባሪ ማንሣትን ለብቻው የሚሸፍነውን ወሰደ፤ ማስከፈሉንም ትተው እርስ በርስ ማዋጣት መረጡ። በዓመት የሚጨምርበት ገንዘብ ስንት እንደሆነ ነግሮኝ “ይሄ ሁሉ ለአራት መርከበኛ ነው?” ብሎ ሳቀብኝ። አዎ፣ አልኩት፤ ለዚያ ነው። ቀጥሎ የጠየቀኝ ውሉ በየትኛው ክፍለ ግዛት ሕግ እንደሚገዛ ነበር፤ አብረን ገጹን ፈልገን አነበብነው።